ቡና ሐራም የተባለበት ዘመን



  ይህን ዝግጅት ከምትከታተሉት መካከል ብዙዎቻችሁ በዚህ ሰዓት ረከቦት ዙሪያ እንደምትሆኑ እንገምታለን። አቦሉ ተቀድቶ ቶናው እየተጠበቀ ይሆናል። እንግዲያው የዛሬው ወሬያችን ከፊታችሁ ካለው ስኒ ብዙም አይርቅም።

እስቲ አስቀድመን ስሞቹን ልብ እንበላቸው። «አቦል» የሚለው ቃል «አወል» ከሚለው ዐረብኛ፣ ማለትም «መጀመሪያ» ከሚለው፣ የመጣ ነው ይባላል። «በረካ» ትርጉም አያሻውም። «ሲኒ» ደግሞ በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ነው፤ ያ ስስ ሸክላ ከሩቅ ምሥራቅ በመርከብ እየተጫነ ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ይመጣ ስለነበር በአገሩ ስም ተጠራ። በአንድ የቡና ገበታ ላይ ይህን ያህል ዐረብኛ የተገኘው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። ቡና ከኛ ምድር ወጥቶ፣ በሙስሊሞች እጅ ዓለምን ዞሮ፣ ከነስሙና ከነሥርዓቱ ተመልሶ ወደ ቤታችን የገባ መጠጥ ነው።

በመንገዱ ላይ ግን ብዙ ተከሷል። በተከበረችው መካ ሐራም ተብሎ በአደባባይ የተቃጠለበት ጊዜ ነበር። በሀገራችን ደግሞ በተቃራኒው «የእስላም መጠጥ ነው» ተብሎ ክርስቲያን ወገኖቻችን የማይነኩት ጊዜ ነበር። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጦ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል፤ ጠቡ ከፍሬው ጋር አልነበረም። ጠቡ በስኒው ዙሪያ ከተቀመጡት ሰዎች ጋር ነበር።

ወደዚያ ከማለፋችን በፊት ግን መጠጡ ራሱ በግልጽ የተከለከለበትን ታሪክ ማስታወስ ይኖርብናል። አለበለዚያ የኋለኞቹ ዑለማዎች በአንድ ስኒ ቡና ለምን ያን ያህል እንደተጨነቁ አይገባንም።

ከእስልምና በፊት የነበሩት ዐረቦች ከቴምር፣ ከወይን፣ ከገብስና ከማር የተጠመቀ አስካሪ መጠጥ ይጠጡ እንደነበር የታወቀ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ይህን ልማድ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ አስተዋቸው። በመጀመሪያ በሱረቱል በቀራ 219ኛው አንቀጽ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገራቸው። ቀጥሎ በሱረቱ ኒሳእ 43ኛው አንቀጽ ሰክረው ወደ ሶላት እንዳይቀርቡ ታዘዙ። በመጨረሻም በሱረቱል ማኢዳ 90ኛው አንቀጽ ፈጽሞ እንዲርቁት ተደነገገ። ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ በወረደበት ቀን አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) በአቡ ጦልሐ (ረ.ዐ) ቤት ለእንግዶች ከቴምር የተጠመቀ መጠጥ እየቀዱ ነበር። የለፋፊው ድምፅ ከውጭ ተሰማ። አቡ ጦልሐም ወጥተህ ድፋው አሏቸው። በመዲና መንገዶች ላይ መጠጡ እንደ ውሃ መፍሰሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውልናል። አንድ ሕዝብ በአንድ ቀን ጋኑን የገለበጠበት ታሪክ በዓለም ላይ ብዙ የሚገኝ አይመስለንም።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን ጠጡ? ውሃ፣ ወተት፣ በውሃ የተበረዘ ማር፣ እንዲሁም ነቢዝ። ነቢዝ ቴምር ወይም ዘቢብ በውሃ ተዘፍዝፎ የሚገኝ ጣፋጭ መጠጥ ነው። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጧት የተዘፈዘፈውን ማታ፣ ማታ የተዘፈዘፈውን ጧት ይጠጡት እንደነበር ተዘግቧል። ከሦስት ቀን ያለፈውን ግን አይጠጡትም ነበር፤ መፍላት ይጀምራልና። የኛ እናቶች በሠርግና በዒድ የሚያዘጋጁት ብርዝና ቀሪቦም የዚሁ ዘመድ ነው። ብርዝ ሳይፈላ ሲቀርብ ያማረ ሐላል መጠጥ ነው፤ ጋኑ ውስጥ ከሰነበተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እናቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ ይህን ልዩነት በአፍንጫቸው ያውቁታል።

አሁን ወደ ቡና እንመለስ። ፍየሎቹ ቅጠልና ፍሬ በልተው ሲዘሉ ያየ ካልዲ የተባለ እረኛ ነበር የሚለውን ተረት ሁላችንም ሰምተናል። ይህ ወግ በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ በ1671 በሮም ከተማ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ ላይ እረኛው ካልዲ የሚል ስም አልተሰጠውም፤ ስሙ በኋላ የተጨመረ ነው። ተረቱን ለልጆች መንገር ነውር የለውም፤ ታሪክ ነው ብሎ ማስተማር ግን አይገባም።

እርግጡ ነገር የቡናው ተክል በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ማንም ሳይተክለው የሚበቅል መሆኑ ነው። የአካባቢው ሰዎች ቡናን መጠጥ ብቻ አላደረጉትም፤ ይበሉትም ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን ሀገራችንን የጎበኘው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ፣ ኦሮሞዎች የተቆላና የተፈጨ ቡና በቅቤ ለውሰውና አድበልብለው ለመንገድ ስንቅ ይይዙ እንደነበር ጽፏል። ቡና ቀላ ዛሬም በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድ በክብር የሚቀርብ ምግብ ነው።

ቡና ባሕሩን ተሻግሮ የመን የገባበትን ሁኔታ በተመለከተ ከሁሉ የተሻለውን ምንጭ የተዉልን ዐብዱልቃዲር አል-ጀዚሪ ናቸው። እኚህ ዓሊም በ16ኛው መቶ ዘመን ቡና ሐላል ስለመሆኑ አንድ ሙሉ ኪታብ ጽፈዋል። በዚያ ኪታብ እንደተወሳው፣ እ.ኤ.አ በ1470 ገደማ ያረፉት የዐደኑ ዓሊም ሙሐመድ አዝ-ዘብሓኒ በአንድ ወቅት ወደዚህኛው፣ ወደ አፍሪካው ዳርቻ ተሻግረው ነበር። እዚህ ሰዎች ቡና ሲጠቀሙ አይተዋል። ወደ ዐደን ከተመለሱ በኋላ ሲታመሙ ያ ያዩት ነገር ትዝ አላቸውና ጠጡት፤ ተሻላቸው። ድካምንና እንቅልፍን እንደሚያባርርም ተረዱ። በሌሊት ዚክር ለሚያሳልፉ ሱፊዮች ደግሞ ከዚህ የበለጠ ስጦታ አልነበረም። ሌሎች ይህንን ታሪክ ለሞካው ሸይኽ ዐሊ ኢብኑ ዑመር አሽ-ሻዚሊ ይሰጡታል። ያም ሆነ ይህ የመኖቹ ቡናን የተማሩት ከማዶ ካሉት፣ ከኛው ወገን ከሆኑ ሰዎች መሆኑን አል-ጀዚሪ መስክረዋል።

ሱፊዮቹ ቡናን ከዚክር ጋር እንዴት እንዳቆራኙት የሚያሳይ አንድ ነገር እናንሳ። በዐረብኛ ፊደላት ቁጥር ስሌት «ቀህዋ» የሚለው ቃል ድምሩ 116 ነው፤ ከአላህ ስሞች አንዱ የሆነው «ቀዊ»፣ ማለትም ኃያሉ፣ የሚለውም እንዲሁ 116 ነው። ስለዚህ በሐድረመውት የነበሩ አንዳንዶች ቡና ሲጠጡ «ያ ቀዊ» የሚለውን 116 ጊዜ ይሉ ነበር። ዑለማዎች በእንዲህ ዓይነቱ ስሌት ላይ አይስማሙም፤ እኛም እንደ ታሪክ ብቻ ነው ያነሳነው። በሌላ በኩል «ቀህዋ» የሚለው ስም ራሱ መዘዝ ነበረው። በጥንቱ ዐረብኛ ቃሉ ከወይን ጠጅ ስሞች አንዱ ነበርና! የወይን ጠጅ ስም የያዘ፣ በሌሊት ክብ ተሠርቶ የሚዞር፣ ጠጪውን የሚያነቃቃ ጥቁር ነገር። መዲና ላይ የሆነውን የሚያውቅ ሰው ቢጠራጠር ይፈረድበታልን?

የተጠረጠረውም በመካ ነው። እ.ኤ.አ በ1511፣ በሂጅራ 917 ዓመት፣ የመካ የገበያና የሥነ ምግባር ተቆጣጣሪ የነበረው የመምሉኮቹ ሹም ኸይር በግ ነበር። አንድ ሌሊት በሐረም ጠዋፉን አድርጎ፣ ዘምዘም ጠጥቶ ወደ ቤቱ ሲያመራ በመስጊዱ አንድ ጥግ ሰዎች ፋኖስ አብርተው ተሰብስበው አየ። እነርሱም ሲያዩት ፋኖሱን አጠፉት። ይህ ነበር ጥርጣሬውን ያባባሰው። ምን እያደረጉ እንደሆነ ቢጠይቅ ቀህዋ የሚባል ነገር እየጠጡ መሆኑን፣ ይኸው መጠጥ በከተማይቱ እንደ መጠጥ ቤት ባሉ ስፍራዎች እንደሚሸጥ፣ በዚያም ወንድና ሴት ከሙዚቃና ከቁማር ጋር እንደሚሰበሰቡ ተነገረው።

በማግስቱ ዑለማዎችን ሰበሰበ። በስብሰባው ላይ ቡና በትልቅ ዕቃ ቀርቦ ነበር፤ እንደ ተከሳሽ ማለት ነው። እዚህ ላይ የዑለማዎቹን ጥንቃቄ ልብ በሉ። እንዲያ ያሉ መሰባሰቦች መወገዝ እንዳለባቸው ተስማሙ። ስለ ፍሬው ግን ነገሮች ሁሉ በመሠረቱ የተፈቀዱ ናቸው፣ ጉዳት እንዳለው ካልተረጋገጠ በስተቀር አይከለከልም አሉ። ኸይር በግ በዚህ አልረካም። ሁለት ወንድማማች ሐኪሞችን አስመጣ። እነርሱም በዘመኑ ሕክምና አነጋገር ቡና «ቀዝቃዛና ደረቅ» ስለሆነ ሰውነትን ይጎዳል ብለው መሰከሩ። ሌሎች ምስክሮችም ጠጥተን አእምሯችን ተለወጠ አሉ። ከመካከላቸው አንዱ «ልክ እንደ ወይን ጠጅ ያሰክራል» ብሎ መሰከረ። የወይን ጠጅን ስካር በምን አወቅኸው ተብሎ ቢጠየቅ መጠጣቱን አመነ፤ ቡናን ሊያስቀጣ መጥቶ ራሱ ተገረፈ ተብሎ ተጽፏል።

ሐራም ነው የሚል ውሳኔ ተፈረመ። ቡና በመካ ጎዳናዎች ላይ ተቃጠለ፤ ሻጮችና ጠጪዎች ተደበደቡ። ጉዳዩ ወደ ካይሮ፣ ወደ ሱልጣን ቃንሱህ አል-ጉሪ ተላከ። የተመለሰው መልስ ግን ኸይር በግ የጠበቀው አልነበረም። ሱልጣኑ ጸያፍ መሰባሰቦችን ከለከሉ እንጂ መጠጡን በራሱ ሐራም አላሉትም። በዓመቱ ኸይር በግ ከሹመቱ ተነሳ፤ የመካ ሰዎችም ወደ ስኒያቸው ተመለሱ።

በካይሮም ነገሩ አልበረደም። በአል-አዝሐር የሚገኙት የየመን ተማሪዎች በዚክር ሌሊቶቻቸው ቡና ይጠጡ ነበር። እ.ኤ.አ በ1534 አካባቢ ከአንድ ዓሊም የሐራም ፈትዋ የተነሳ የተቆጣ ሕዝብ ቡና ቤቶችን ሰባበረ፤ ተቀምጠው የነበሩትንም ደበደበ። ያን ጊዜ የከተማዋ ቃዲ ሙሐመድ ኢብኑ ኢልያስ ያደረጉትን ነገር ከዚህ ሁሉ ታሪክ አብልጠን እንወደዋለን። ቡና በቤታቸው አስፈሉ፤ ሰዎችን ጠርተው አጠጡ፤ ከዚያም ቁጭ ብለው የቀኑን አብዛኛውን ክፍል አነጋገሯቸው። የተዘባረቀ፣ የሰከረ፣ አእምሮው የተነካ አላዩም። ስለዚህ ቡና ባለበት እንዲቀጥል ፈረዱ። ጩኸት ሳያሰሙ፣ መጽሐፍ ሳይወረውሩ፣ በዓይናቸው አይተው ፈረዱ።

በኢስታንቡል የመጀመሪያዎቹ ቡና ቤቶች በ1550ዎቹ በሁለት የሶሪያ ሰዎች ተከፈቱ። በ1633 ሱልጣን ሙራድ አራተኛ ዘጓቸው፤ ምክንያቱ ግን ከፊቅህ ይልቅ ፖለቲካ ነበር፤ ሰዎች እዚያ ተቀምጠው መንግሥትን ያማሉና። በለንደን የመጀመሪያው ቡና ቤት በ1652 ተከፈተ። ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛም በ1675 መጨረሻ በተመሳሳይ ምክንያት ቡና ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ ዐወጀ፤ ሕዝቡ ስላጉረመረመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዐዋጁን ሻረ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ገዢ ስኒውን ሳይሆን በስኒው ዙሪያ የሚወራውን ነበር የፈሩት።

ውድ አድማጮች፣ በሀገራችን ደግሞ ታሪኩ ተገልብጦ ይገኛል። ቡና የበቀለው በዚህ ምድር ሆኖ ሳለ፣ በሰሜንና በመካከለኛው ክፍል የሚኖሩ ክርስቲያኖች ለብዙ ዘመናት አይጠጡትም ነበር። ቡና፣ ጫትና ትምባሆ የሙስሊሙና የኦሮሞው ምልክት ተደርገው ይታዩ ነበር። ካህናቱም ይህንኑ ያስተምሩ ነበር። ሰው በምን እንደሚያርድና በምን እንደሚጠጣ ሃይማኖቱ በሚታወቅበት ዘመን፣ አንድ ስኒ ቡና መቅመስ ድንበር እንደመሻገር ነበር።

በዚያው ዘመን በሙስሊሙ ዘንድ ቡና ከዱዓ ተለይቶ አይታይም ነበር። በወሎ ጀበናው ሲቀርብ ሽማግሌው ይመርቃል፣ ቤቱ በሙሉ አሚን ይላል፤ «ጀባ» እየተባባሉ ይሰጣጣሉ። ሐረሮች ደግሞ ፍሬውን ለገበያ እየላኩ እነርሱ ገለባውንና ቅጠሉን አፍልተው ይጠጡ ነበር። ከገለባው አሸር፣ ከደረቀው ቅጠል ቁጢ ይገኛል፤ በወተትና በጨው ሲፈላ ደግሞ ሆጃ ይባላል። የመኖችም እንደዚሁ ናቸው፤ ፍሬውን ለዓለም ሸጠው ራሳቸው ቂሽሩን ከዝንጅብል ጋር ይጠጣሉ። የተሻለውን ለእንግዳና ለገበያ፣ የተረፈውን ለራስ።

ለውጡ የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር። የቤተ ክርስቲያኒቱ አባት የነበሩት አቡነ ማቴዎስም ቡና የእስላም መጠጥ ነው የሚለውን የካህናት አመለካከት ለማስወገድ ብዙ እንደጣሩ የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ገልጸዋል። በ1880ዎቹ ቡና መጠጣት በክርስቲያኖች ዘንድ በፍጥነት ተስፋፋ። ከዚህ ጀርባ ገበያም ነበር። ሐረር በ1887፣ ከፋ በ1897 በምኒልክ ግዛት ሥር ገቡ፤ ቡናም የመንግሥቱ ትልቅ የውጭ ንግድ ዕቃ ሆነ። ግምጃ ቤት የሚሞላን ነገር ነውር ነው እያሉ መቀጠል ይከብዳል። ዛሬ ጎረቤት ጎረቤቱን «ቡና ጠጡ» ብሎ ሲጠራ ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ግን ያ ጥሪ የማይታሰብ ነበር። በሥጋ የተለያዩት ጎረቤታሞች በቡና ተገናኙ።

ይሁንና የመካው ስብሰባ ያነሳው ጥያቄ ዛሬም በየቤታችን አለ። ቡናው ሐላል ነው። ነገር ግን አቦሉን «ለአድባሩ» ብሎ መሬት ላይ የሚያፈስ ሰው አለ። ስኒ ገልብጦ በአተላው ዕጣ ፈንታን የሚያነብ አለ፤ ጠንቋይ ዘንድ ሄዶ የጠየቀ ሰው የአርባ ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደማያገኝ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀውን ሳለ። ሐሜቱንማ ምን እንበለው? ሦስት ዙር ቡና፣ ሦስት ጎረቤት ሳይታማ የማያልቅበት ቤት ስንት ነው? አል-ጉሪ ከአምስት መቶ ዓመታት በፊት የለዩትን መለየት የቤቱ ባለቤቶች ፋንታ ነው።

የመጠጥ ልማድ ግን በፈትዋና በዐዋጅ ብቻ አይለወጥም፤ በኪስም ይለወጣል። የቱርኮችን ነገር ተመልከቱ። ዓለም «የቱርክ ቡና» እያለ ይጠራል። የመን ከኦስማንያ እጅ ከወጣች በኋላ ግን ቡና በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ዕቃ ሆነባቸው። በ1924 በጥቁር ባሕር ዳርቻ በሪዜ ሻይ እንዲተከል የሚያዝ ሕግ ወጣ። ዛሬ በነፍስ ወከፍ ከዓለም ከፍተኛ ሻይ ጠጪዎች ተርታ የሚቆሙት ቱርኮች ናቸው። ማንም ቡናን አልከለከላቸውም፤ ሻዩ ረከሰላቸው።

በኛም ሀገር እንዲሁ ነው። አያቶቻችን ቡናን በጨው ወይም በቅቤ ነበር የሚያውቁት። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ከጀመረ በኋላ ስኳር ከጥቂቶች ቤት ወጥቶ ወደ ብዙኃኑ ጓዳ መግባት ጀመረ፤ ሻይም በስኳሩ ታጅቦ ተከተለው። በ1959 ደግሞ ኮካ ኮላ በአዲስ አበባ በጠርሙስ መሞላት ተጀመረ። ለሙስሊሙ ቤተሰብ ለስላሳ ትልቅ መፍትሔ መሰለ፤ አያሰክርም፣ አይፈላም፣ ጋን ማጠብ አያስፈልግም። ስለዚህ በሠርጋችን ላይ ብርዙ በነበረበት ቦታ የለስላሳ ሳጥን ተደረደረ።

የሚደንቀን ይህ ነው። ስለ ቡና ዑለማዎች ተሰብስበዋል፤ ሐኪሞች መስክረዋል፤ ኪታቦች ተጽፈዋል፤ ሰዎች ተገርፈዋል። ስኳሩ ግን ማንም ምስክር ሳይጠራበት ገባ። ዛሬ በየቤቱ የስኳር ሕመም መድኃኒት ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጦ እናያለን። ሐረር ጀጎል ውስጥ ግን ሆጃው በጨው እንደሆነ አለ፤ የወሎ እናቶችም ለዒድ ብርዝ መበረዛቸውን ጨርሰው አልተዉም።

 ቶናው እንዳይቀዘቅዝባችሁ።